ለታዛ የቀረበ ማመልከቻ

ለደሴ ከተማ፣ ለፕላን ክፍል ሹሙ፣
ጉዳዩ፦ ስለ ታዛ። እባክዎ ይስሙ።

እኔ ነዳፊዎ፣ ሙሄ አሊጋዝ ነኝ፣
ሦስተኛው ፎቅ ላይ መስኮቱ የሚያፈስብኝ፣
ጦሳ ጉም ሲለብስ ወረቀቴ ወዝቶ
እርሳሴ መስመሩን የሚስትብኝ።

ባለፈው ማክሰኞ፣ በስብሰባው መሐል፣
«ባህላዊ እሴት ይንጸባረቅ» ተብሏል።
ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ፦
ፒያሳ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ መስታወት ይልበስ፣
የዛገው ቆርቆሮ ይነሳ፣ የእንጨት ሰገነቱ ይፍረስ፤
አደባባዩ ላይ ደግሞ፣ ባህል አለን እንድንል፣
የሁለት ሰው ቁመት የሚያህል
ማሲንቆ በሲሚንቶ ይተከል።

ጌታዬ፣ የማሲንቆ አንደበቱ ጭራው ነው።
ይሄ ሆዱ ብረት፣ ቆዳው የአሸዋ ልስን፣
መቃኛውን ማን ይጠመዝዝለታል?
ክረምት ሙሉ ዝናብ ቢገርፈው
አንዲት ስንኝ አይወጣውም።

እኔ ሜትሬን ይዤ፣ ደሴን ልፈልግ ወጣሁ፣
ከሸዋ በር ጀምሬ ሰኞ ገበያ ወረድኩ፣
በሆጤ አድርጌ አራዳ ላይ ደከምኩ።
የግድግዳ ቁመት ለካሁ፤ ግድግዳው የባለቤቱ።
የበር ስፋት ለካሁ፤ በሩም የባለቤቱ።
ቆርቆሮው ከግድግዳው አልፎ፣ ወደ መንገዱ ጎንበስ ሲል፣
ከሥሩ የምትቀር አንዲት ክንድ ተኩል መሬት አለች፤
እሷን ካርታዬ ላይ አጣኋት።
አስፋልት እንዳልላት ደረቅ ናት፣
ጓዳ እንዳልላት በር የላት።

ፈንታው እዚያ ተቀምጦ የሰው ጥላ ይጠግናል፤
ዘምዘም ሲንጀሯን ተክላ ለማታውቃት ሙሽራ ትሰፋለች፤
ከኩታበር የመጣች በርበሬ ሻጭ
ቁናዋን በእግሯ ገፋ፣ ገፋ አድርጋ
ጠብታው ከማይደርስበት ታስጠጋለች።
ማንም ማንንም አስፈቅዶ አያውቅም።

ሐምሌ ነበር፣ የገብርኤል ዋዜማ።
ዲያቆን ስጦታው ከበሮ አዝሎ አቀበቱን ሲወጣ
ሰማዩ ተቀደደ።
ሮጦ ታዛ ሥር ገባ።
ሼህ ኑርዬ፣ ከአሱር ሶላት ሲመለሱ፣
መስገጃቸውን በብብታቸው ይዘው እዚያው ቆመዋል።
ከበሮ ቆዳ ነው፤ ከራሰ ይለግማል።
ሽማግሌው ልጁን አላዩትም፣ ከበሮውን አዩ፤
አንድ ቃል ሳይተነፍሱ
መስገጃቸውን ዘርግተው ከበሮውን አለበሱት።
ከላይ ቆርቆሮው ይደለቃል፣
ከታች ከበሮው ተሸፍኖ ያዳምጣል።
ሲያባራ ረጠብ ያለውን መስገጃ አጠፉና
«በሉ፣ ደህና አድርጋችሁ ምቱት» ብለው ሄዱ።

ይህን በምን ልንደፈው?
በስንት ኩንታል ሲሚንቶ ላቁመው?
ያ ግድግዳ መስታወት ቢሆን፣ ሽቅብ ቀጥ ያለ፣
ከሰማይ የተቀበለውን በሰው አናት የሚያወርድ፣
ልጁ ከነከበሮው፣ ሼሁ ከነመስገጃቸው
በየፊናቸው በሮጡ፤
ዞር ቢሉም መስታወቱ
ለየራሳቸው የራሳቸውን ፊት ባሳየ።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው።
ሕንፃው ይርዘም፤ ሊፍት ካለው እኔም ጉልበቴ ይወደዋል።
መስታወቱም፣ ጨረታው ወጥቷል ካላችሁ፣ ይሁን።
ብቻ ከአንደኛው ፎቅ በታች
ግድግዳው ወደ መንገዱ ጎንበስ ይበል፣
ደጅ ላይ እንግዳ እንደሚቀበል።
ክንድ ተኩል። ከዚያ አላልፍም።
ማሲንቆውንም እዚያ ሥር ያስገባው የነበረ አንድ ዓይነ ስውር አለ፣
የሲሚንቶውን ሲያቆሙ እሱ የት ይቁም?

አባሪ፦ አንድ ገጽ ንድፍ።
ጥጉ ላይ ያለው ጠብታ የመስኮቴ ነው፣ በመለኪያ እንዳይቆጠር።
ማኅተም አላረፈበትም፤ የመዝገብ ቤቷ ጌጤ
ለምሳ እንደወጣች ዝናብ ይዟታል፤
የማን ታዛ ሥር እንደቆመች እንጃ።